12 ጣሳ ወተት ይዘን ተመለስን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን፣ ለስድስት ችግረኛ አራሶች ባለ 500 ግራም 12 ጣሳ የዱቄት ወተትና ስድስት ጡጦ ገዝተን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድን። አዋላጅ ነርሷ ግን «ሁሉም የሚያጠቡ እናቶች ናቸው፤ ይህን አልረከብም» ብላ መለሰችን። ለድኃ የመጣ ስጦታ እንዴት ይመለሳል? ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም።
አስተባባሪዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። እኔም አዋላጅ በሆንኩበት በመጀመሪያው ዓመት መንታ ለወለደች እናት ከደመወዜ ጣሳ ገዝቼ ሰጥቻለሁ። ጡቷ ገና አላጋተም ነበር። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ልጆቹ እንገሩን እንዲስቡ መርዳት ሲገባኝ ጡጦ አቀበልኋት። ጣሳው ሲያልቅ ጡቷም ነጥፎ ነበር።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በዱቄት ወተት ብቻ የሚያድግ ሕፃን እስከ 6 ወሩ 20 ኪሎ ግራም ያህል ይጨርሳል፤ ይህም ባለ 500 ግራሙ 40 ጣሳ ነው። የእናንተ 12 ጣሳ ለስድስት ሲካፈል ለእያንዳንዷ ሁለት ይደርሳታል። ቢያቆያት ሁለት ሳምንት ነው። ጡት ወተት የሚሠራው ልጁ በሳበው መጠን ስለሆነ፣ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ይቀንሳል። መግዣ የሌላት እናት ደግሞ የቀረውን ዱቄት በውኃ እያቀጠነች ታቆየዋለች። ውኃው ንጹሕ ካልሆነ ተቅማጡ ይከተላል።

ነርሷ ይህን ከራሷ አላመነጨችውም። የዓለም ጤና ጉባኤ፣ ማለትም የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች የሚወስኑበት ስብሰባ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የእናት ጡት ወተት ተተኪዎችን ግብይት የሚመለከት ደንብ አጽድቋል። 118 አገሮች ሲደግፉት የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ በነፃም ሆነ በቅናሽ የሚመጣ ምትክ ወተት በጤና ተቋማት እንዳይታደል ጠይቋል።

እናቱ የሞተችበት ወይም በሕመም ምክንያት መጥባት የማይችል ሕፃን በእርግጥ አለ። ለእርሱ ከሆነ ከባለሙያ ጋር ተመካክራችሁ ለአንዱ ልጅ እስከ መጨረሻው ግዙለት። በጡጦ ግን አይሁን፤ ስኒ ለማጠብ ይቀላል።

ለስድስቱ አራሶች ስጦታው በራሳቸው በኩል ይለፍ። የምታጠባ እናት በቀን 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል። እኔ ግን ከምግቡም አስቀድሜ የማስበው ጊዜዋን ነው። ጡት ሲያስጥሉ ካየኋቸው ድኃ አራሶች ብዙዎቹ ወተት አጥተው አይደለም፤ ወገባቸው ሳይጠና ወደ ቀን ሥራ ስለተመለሱ ነው። ስለዚህ የቀን ገቢዋን የሚተካ ጥሬ ገንዘብ በእጇ ስጧት፤ በምን እንደምታውለውም አትጠይቋት። እንደ ጣሳ ቁልል ፎቶግራፍ ላይ አያምርም፤ ይሁን።

ጣሳዎቹ ካልተከፈቱ ሻጩ ይመልስልሽ እንደሆነ ጠይቂው። ከነርሷም ጋር ታረቂ፤ ከስድስቱ መካከል የትኛዋ ሥራ ልትጀምር እንደተነሣች የምታውቀው እርሷ ናት።