ጥያቄና መልስ፦ ግሪላን ወደ ጨዋታችን እንዴት እናምጣት?

ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ማታ የምንጫወት ሰዎች ለገና አንድ ልዩ ታሪክ ይዘጋጅ ብለናል። እኔ የአይስላንዷን ግሪላ አንስቼ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ጥያቄ ያለው እዚሁ ይጠይቅ። ለአዲሶች በአጭሩ፦ ግሪላ ተራራ ላይ ዋሻ ውስጥ የምትኖር ግዙፍ ጭራቅ ናት። ገና ሲደርስ ያጠፉ ልጆችን በጆንያ ሰብስባ ቀቅላ ትበላለች። 13 ሌባ ወንዶች ልጆችና አንድ ትልቅ ድመት አሏት። የምንጫወተው በደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛ ዕትም ነው፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌላው ገጸ ባሕርይ ይይዛል፣ ዳይስ ይፈርዳል። ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ ቀኑን አትንኩ። ሁለተኛ፣ ሕፃን የሚበላ ነገር ከማምጣታችሁ በፊት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ጠይቁ።

ባለ ቆርኪው፦ ቲቸር፣ ለግሪላ ስንት ኤችፒ፣ ማለት የሕይወት ነጥብ፣ እንስጣት? አራት ነን፣ ሌቭላችን 5 ነው።

ቲቸር፦ በ2014 በፈረንጆች ከወጣው የጭራቆች መጽሐፍ የበረዶውን ግዙፍ ወስደህ ስሙን ቀይር። መከላከያው 15፣ ኤችፒው 138። ለእናንተ ከባድ ነው፣ ግን አይጨርሳችሁም። የኤችፒ ጥያቄ በዚህ ይዘጋ።

ከታቦር ሥር፦ 13 ልጆች አሏት ብለዋል። 13 ጭራቅ ባንዴ ሲመጣ ጨዋታው አይንዛዛም? አንድ ዙር ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

ቲቸር፦ ተባረክ፣ ይሄ ነው ጥያቄ። ባንዴ አይመጡም! በየሌሊቱ አንድ አንድ ሆነው ነው ከተራራ የሚወርዱት። የመጀመሪያው ዲሴምበር 12 ይገባል፤ በእኛ ታህሳስ 3 መሆኑ ነው። የመጨረሻው ታህሳስ 15። ከዚያ ደግሞ በየተራ ይመለሳሉ፤ የመጨረሻው የሚሄደው ጃንዋሪ 6፣ ታህሳስ 28 ነው። ልብ በሉ፣ የእኛ ገና ዋዜማ! ሰዓት ቆጣሪው ተዘጋጅቶ ነው የተሰጠን።

አሁን ምን እንደሚሰርቁ እዩ። የመጀመሪያው እግሩ እንደ እንጨት የደረቀ ነው፤ በረት ገብቶ የበግ ወተት ሊጠባ ይታገላል። ሁለተኛው የወተት አረፋ ይሰርቃል። አንዱ ማንኪያ ይልሳል፣ አንዱ ድስት ይፍቃል፣ ስምንተኛው እርጎ ይውጣል፣ ዘጠነኛው ቋሊማ ይሞጨልፋል። አንዱ በጭስ መውጫ መንጠቆ አውርዶ ሥጋ ይስባል። የመጨረሻው ሻማ ይሰርቃል፤ ያኔ ሻማ የሚሠራው ከሞራ ስለነበር ይበላል። ወርቅ የነካ የለም። ስርቆቱ የጓዳ ነው። ክረምቱ ረጅም ነው፣ ያለው ምግብ የተቆጠረ ነው። የሰዉ ፍርሃት እዚያ ነው ያለው።

ስለዚህ ለመንደሩ ጎተራ ስጡት፤ ቁጥሩ 20 ይሁን። በየሌሊቱ ሌባው ባለአራት ገጽ ዳይስ አንከባሎ የወጣለትን ይቀንሳል። አማካዩ ሁለት ተኩል ነው። ተጫዋቾቹ ማንንም ካላስቆሙ በ8ኛው ሌሊት ገደማ ጎተራው ባዶ ነው። ያኔ ግሪላ ራሷ ትወርድና ትደራደራለች፦ «አንድ ልጅ ስጡኝ፣ ጎተራችሁን እሞላለሁ።» የመንደሩ ሽማግሌዎች ሲንሾካሾኩ ተጫዋቾቹን አሳዩአቸው። ታሪኩ ከዚህ ይጀምራል።

ሌባውን መያዝ ከባድነቱ 15 ይሁን፤ ባለ20 ገጽ ዳይስ ተንከባሎ ጉርሻው ሲደመር 15 መድረስ አለበት። ጉርሻው 3 የሆነ ተጫዋች 45 ከመቶ ዕድል አለው። የሌባውን ጠባይ ጠይቆ ማጥመጃ ካዘጋጀ ግን፣ ለምሳሌ ለድስት ፋቂው ያረረ ድስት ደጅ ላይ ካስቀመጠ፣ ሁለት ጊዜ ያንከባልልና የተሻለውን ይወስዳል፤ ዕድሉ ወደ 70 ይጠጋል። ሰባተኛው ሌሊት ሌሊቱን በር የሚያጋጨው ነው። ማንም በሩን ይዞ ካላደረ ሎንግ ረስት (ጉልበትና አስማት የሚመልሰው ረጅም ዕረፍት) የለም በሉ። እንቅልፍ አጥቶ የተበሳጨ ጠንቋይ እንዴት እንደሚያስቅ ታያላችሁ።

አዲስ ገቢ፦ ኤችፒዋ ስንት ነው?

ቲቸር፦ ከላይ አለ።

ዲያቆኑ፦ ቲቸር፣ ይቅርታ፣ በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚውለው ታህሳስ 28 ነው። ዋዜማው 27 ይሆናል።

ቲቸር፦ ልክ ነህ። ጳጉሜን 6 ስትሆን ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል። ሌባውም አብሮ ስለሚገፋ ዋዜማው ያው ዋዜማ ነው።

ሐይቅ ዳር፦ በገና እኮ ግማሻችን ቤተሰብ ጋ እንሄዳለን። ለእንቁጣጣሽ ብናዞረውስ?

ቲቸር፦ ቀኑን አትንኩ ብዬ ነበር። ሬይካቪክ ላይ በዚያ ሰሞን የቀን ብርሃን 4 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ሐዋሳ በታህሳስም ቀኑ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። ግሪላን አደይ አበባ መሃል ብታቆማት ማን ይፈራታል? መስከረም ላይ መጫወት ከፈለግህ ሌላ ፍጡር ፈልግ።

የአሞራ ገደል ልጅ፦ እኔ የማይገባኝ፣ የራሳችን ጭራቅ እያለ አይስላንድ ምን ወሰደን?

ባለ ቆርኪው፦ የእኛ ጭራቅ ቀን የለውም። ዓመቱን ሙሉ ይበላል።

የአሞራ ገደል ልጅ፦ ቡሄ አለ አይደል! ጅራፍ፣ ችቦ፣ ልጆች ከደጅ ደጅ ሲሄዱ። ሙልሙል የከለከለ ቤት ላይ የሚመጣ አንድ ነገር ብንፈጥርስ?

ዲያቆኑ፦ ቡሄ ደብረ ታቦር ነው ወንድሜ። ችቦው የታቦሩን ብርሃን ለማስታወስ ነው። ጭራቅ አታስገቡበት።

የአሞራ ገደል ልጅ፦ ጨዋታ ነው እኮ! አይስላንዶችም ገናቸው ነው፣ ግን ጭራቅ አስገብተውበታል።

ዲያቆኑ፦ የእነሱ ጉዳይ ነው።

ሐይቅ ዳር፦ ከተባለማ የሲዳማ አዲስ ዓመት የፍቼዋን ሴትዮ ጠንቋይ ብናደርጋትስ? ከተማችንም ነው።

ቲቸር፦ አይሆንም።

ሐይቅ ዳር፦ ለምን?

ቲቸር፦ ምክንያቱም ታሪኩን አታውቀውም። ሲዳማዎች የሚሉት እንዲህ ነው፦ አንዲት ሴት ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿን ልትጠይቅ ትመጣ ነበር፤ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ፤ ጎረቤት ሁሉ ይቀምሳል። ክፋቷ የቱ ላይ ነው? ደግሞ ፍቼ ጨምበላላ በ2015 በፈረንጆች ዩኔስኮ የመዘገበው፣ ጎረቤትህ ዛሬም የሚያከብረው በዓል ነው። ተረት ብቻ አይደለም።

የጉዱማሌዋ፦ እኔ ሲዳማ ነኝ፣ አመሰግናለሁ ቲቸር። እኛ ልጆች ሆነን ከቤት ቤት እየዞርን ሰላም እንላለን፣ ቡርሳሜ እንበላለን። የሚያስፈራ ነገር የለውም። ከፈለጋችሁ አንድ ቀን እኔ እመራላችኋለሁ፤ ቀኑን ከዋክብት የሚያዩት አዋቂዎች እንዴት እንደሚወስኑ ራሱ አንድ ሴሽን ይወጣዋል።

ቲቸር፦ ይሄ ነው ትክክለኛው መንገድ። ለብቻው ይሁን፣ ከግሪላ ጋር አይቀላቀል። ቀጥሎ።

ባለ ቆርኪው፦ ድመቱስ ምን ያደርጋል?

ቲቸር፦ ለበዓል አዲስ ልብስ ያላገኘውን ይበላል። ሳቁ! እናቶቻችን ይሄን ተረት ቢያውቁት የመርካቶ ነጋዴ ሀብታም ይሆን ነበር። የበግ ፀጉር ሥራ ከገና በፊት ያላለቀ እንደሆነ አዲስ ልብስ የለም፤ ማስፈራሪያው ለሰነፍ ነው። ጨዋታው ላይ እንዲህ አድርጉት፦ አዲስ ነገር የለበሰን ሰው ድመቱ ጭራሽ አያየውም፣ ያረጀ የለበሰን ግን ጨለማ ውስጥም ያሸተዋል። ያ ሁሉ ከአያት የወረሰው አስማታዊ ጥሩር ያለው ተዋጊያችሁ አንድ ጥንድ ካልሲ ፍለጋ መንደር ለመንደር ሲሮጥ ታያላችሁ። የካልሲው ዋጋ ላይ ተከራከሩ፣ ሻጭዋን ክፉ አድርጓት።

አዲስ ገቢ፦ እንዴት ነው የሚሠራው?

ቲቸር፦ ምኑ?

አዲስ ገቢ፦ ጠቅላላው።

ቲቸር፦ ጠቅላላ መልስ የለኝም። ከላይ አንብብና አንድ ነገር መርጠህ ጠይቅ።

ከታቦር ሥር፦ የ9 ዓመት ወንድሜ ልጫወት ብሎ አስቸገረኝ። ይቻላል?

ቲቸር፦ ሁለተኛውን ማሳሰቢያ አስታውስ። ልጅ የሚቀቀልበትን ድስት ከታሪኩ አውጣው፣ ሌቦቹን ተውለት። በ1746 በፈረንጆች አይስላንድን ይገዛ የነበረው የዴንማርክ ንጉሥ ወላጆች በእነዚህ ሌቦች ልጆቻቸውን እንዳያስፈራሩ በአዋጅ ከልክሏል። አሁን ሕፃናት መስኮት ላይ ጫማ ያስቀምጣሉ፤ ጨዋው ስጦታ ያገኛል፣ ያጠፋው ድንች። ሻሸመኔ አጠገብ ላደገ ልጅ ድንች ቅጣት አይሆንም፤ ሌላ ነገር ፈልግለት።

ሐይቅ ዳር፦ ዳይስ ከየት ይገዛል?

ቲቸር፦ 20 ቆርኪ ላይ ቁጥር ጻፍ። ከረጢት ውስጥ ክተት። ያወጣኸውን መልሰህ መክተት አትርሳ፣ አለዚያ ዕድሉ ይዛባል።

የአሞራ ገደል ልጅ፦ የባለ ቆርኪው ከረጢት ውስጥ የ20ው ቆርኪ ጥምዝ ነው። በእጁ ይለየዋል!

ባለ ቆርኪው፦ ውሸት ነው! ጠርሙስ ሲከፈት ነው የተጣመመው።

ዲያቆኑ፦ ሁልጊዜ 20 የሚወጣለትስ?

ቲቸር፦ ቆርኪውን ቀይሩት፣ ጨርሰናል።

ከታቦር ሥር፦ ታሪኩን ጽፈን ብንሸጠው እንከሰሳለን?

ቲቸር፦ ጠበቃ አይደለሁም። የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ መሠረታዊ ሕግ ሰነድ (5.1 የሚባለው) ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ምንጭ ጠቅሶ ለመጠቀም ክፍት ነው። ግሪላ የማንም አይደለችም። ሥዕል ከኢንተርኔት እንዳትወስዱ።

የጉዱማሌዋ፦ መጨረሻ ላይ እንዴት ትሞታለች? መዋጋት ግድ ነው?

ቲቸር፦ ግድ አይደለም። አንዳንዱ ተረት ላይ የሚበላ ያጠፋ ልጅ ስታጣ በረሃብ ትሞታለች። እኔ የምመክረው ጎተራው እስከ ታህሳስ 28 ዜሮ ካልሆነ፣ ልጅም ካልተሰጣት፣ ተጫዋቾቹ አሸንፈዋል። ሰይፍ ሳይመዘዝ።

ባለ ቆርኪው፦ ታዲያ 138ቱን ኤችፒ ለምን ሰጡኝ?

ቲቸር፦ ስለጠየቅከኝ።

ሐይቅ ዳር፦ የ13ቱ ልጆች አባትስ?

ቲቸር፦ ሌፓሉዲ ይባላል። ሰነፍ ነው፣ ከዋሻ አይወጣም። ምንም ቁጥር አያስፈልገውም፣ አስተኙት። መብራት ሄዷል፣ ባትሪዬም እያለቀ ነው። የቀረውን ቅዳሜ በአካል። አዲስ ገቢ፣ አንብበህ ና።