ቀለህ እግርህ ሥር ከወደቀ ሞላውን ጠርጥር

ጥያቄው ከቴክሳስ ነው። አንድ ወንድማችን «ኮማንደር» የሚባለውን አጠር ያለ 1911 ሽጉጥ፣ ያገለገለውን፣ ገዝቷል፤ 45 ካሊበር፣ በርሜሉ 4.25 ኢንች። ለልምምድ በሚገዛው ለስላሳ (ግፊቱ አነስ ያለ) ጥይት ሲተኩስ ቀለሁ ጫማው ላይ ይወድቃል። አንዳንዴ ስላይዱ (ከላይ ወደኋላና ወደፊት የሚንሸራተተው ብረት) ቀለሁን ነክሶ ይቀራል። ጥይት ሲያልቅም ስላይዱ ኋላ አይቆምም። ሻጩ «እንዳይረግጥህ ጠንካራ ሞላ አስገብቼበታለሁ» ብሎታል። ስላይዱን ወደፊት የሚመልሰውን ይህን ሞላ ስንት ፓውንድ ጥንካሬ ያለው ልግዛ ይላል።

ወንድሜ፣ ሻጩ ራሱ በሽታውን ነግሮሃል። ሞላው በዝቶበታል። ልገምት ካልከኝ 22 ፓውንድ ነው። ለባለ 5 ኢንቹ የተለመደው 16፣ ላንተው 18፣ ለባለ 3.5 ኢንቹ ኦፊሰርስ ደግሞ 22 ገደማ ነው። በርሜሉ ሲያጥር ስላይዱም ይቀላል፣ የሚሄድበት መንገድም ያጥራል፤ ስለዚህ ሞላው ይጠነክራል። ግን ቁጥሩ ስለገጠመ የአንዱን ሞላ ለሌላው አትውሰድ፣ ርዝመታቸው ይለያያል።

ከመፍታትህ በፊት፦ መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ። ከዚያ ስላይዱን ስበህ አቁም። ጥይት እንዳልጎረሰ በዓይንህ እይ፣ በትንሽ ጣትህም ዳስስ። ጥይቱ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። መነጽርም አድርግ፤ ከአፈሙዙ ሥር ያለችው የሞላ ክዳን ካመለጠችህ ዓይን ታጠፋለች።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተውን ልንገርህ። ጠንካራ ሞላ ግፊቱን አይበላውም፣ ያዘገየዋል እንጂ። ስላይዱ ወደኋላ ሲሄድ የተጠራቀመው ጉልበት ወደፊት ሲመለስ ይከፈላል። አፈሙዙ ከተኩስ በኋላ ወደታች ሲደፋ የምታየው ለዚህ ነው። ለስላሳ ጥይት ደግሞ ስላይዱን እስከ መጨረሻው የሚገፋበት አቅም የለውም። ግማሽ መንገድ ሄዶ ይመለሳል፤ ቀለሁ የሚያስፈነጥረውን ብረት በደንብ ሳይመታ ይንጠባጠባል፣ ስላይዱም ኋላ የሚይዘው ማቆሚያ ጋ አይደርስም። ሙሉ መንገድ ቢሄድ እንኳ የሚመለሰው በፍጥነት ነው። የካዝናው ሞላ ቀጣዩን ጥይት ወደላይ ለማንሳት ጊዜ ያስፈልገዋል። ስላይዱ ቀድሞ ካለፈ ጥይቱ የማይቆም ታክሲ ላይ ለመሳፈር እንደሚሮጥ ሰው ቀርቶ ይቀራል። ከዚያ ሰው ካዝናውን ይረግማል፣ ጥይቱን ይረግማል፤ ሞላውን ግን ማንም አይጠረጥርም።

ስትፈታው የሞላውን ጫፍ ተመልከት። የተቆረጠ ስለት ካለው አንዱ በፒንሳ ቆርጦታል፤ ጣለው። ሞላው በሚጠለቅበት መምሪያ ዘንግ ላይ የላስቲክ ቀለበት ካገኘህም አውጣ። በአጭር ሽጉጥ ላይ ላስቲክ የሚያስገባ ሰው ምን እንደሚያስብ አይገባኝም፤ ያለችውን መንገድ ይሰርቃታል።

ከዚያ ይህን ሞክር። ዘንጉንና ክዳኑን ያለ ሞላ ግጠም። ስላይዱን እስከ መጨረሻው ስበህ የደረሰበትን ቦታ ፍሬሙ (እጀታው ያለበት የታችኛው አካል) ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ሞላውን መልሰህ እንደገና ሳብ። ምልክቱ ጋ ካልደረሰ ሞላው ጥቅልሉ ተጣብቆ እያቆመው ነው። ይህን ስታደርግም ካዝና የለም፣ ጥይት የለም፤ እንደገና በጣትህ ዳስስ።

አዲስ 18 ፓውንድ ግዛ። በርካሽ የሚሸጡትን «ባለ ሰባት ሞላ ስብስብ» ተው፤ የተጻፈው ቁጥርና የሚሰማህ ጉልበት አይገናኙም። አብሮ የመምቻውን መርፌ ሞላ ቀይር፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ተኩስ ቦታ ሄደህ በለስላሳውም፣ ለመከላከያ በምትይዘውም ጥይት ሞክረው። ቀለሁ ከ2 እስከ 3 ሜትር ከወደቀ ተወው። አሁንም እግርህ ሥር ከሆነና የምትተኩሰው ለስላሳውን ብቻ ከሆነ ወደ 16 ውረድ። በጣም ርቆ ከተወረወረና ስላይዱ ፍሬሙን ሲደበድብ ከተሰማህ ወደ 20 ውጣ። እጅህንም አጥብቅ፤ ልፍስፍስ አያያዝ ይህንኑ ምልክት ያሳያል። መግባት መውጣቱን ቤት ውስጥ ማየት ከፈለግህ በማስመሰያ ጥይት ብቻ፤ በእውነተኛ ጥይት ሳሎን ውስጥ አታቀባብል።

ቀለሁ ተስተካክሎ ስላይዱ ብቻ ኋላ አልቆም ካለ ቀጥሎ ካዝናውን ጠርጥር። ሌላ ካዝና ተውሰህ ሞክር። በዚያ ከሠራ የመጀመሪያው የካዝና ሞላ ደክሞ ይሆናል፣ መጀመሪያ እሱን ቀይር።