«የት ነው ያለሽው?»

ውድ ልጆቼ፣

ከሃያ ዓመት በላይ በስልክ አስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። ሥራው እንዲህ ነው። ሰው በባዕድ አገር አደጋ ይገጥመውና የድንገተኛ ስልክ ይደውላል። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ ቋንቋው አይገባውም። እኔ ዘንድ ይደውልና ሦስት ሆነን እናወራለን። ከራሴ ቃል አልጨምርም፣ ከማንም አልቀንስም። ደዋዩ «ደረቴን አመመኝ» ካለ እኔም በሌላው ቋንቋ «ደረቴን አመመኝ» ነው የምለው። ስንት ጊዜ እንደወለድኩ፣ ስንት ጊዜ ልሞት እንደደረስኩ አልቆጠርኩትም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለጉብኝት ለምትወጡ ልጆች ልጽፍ ያሰብኩት ብዙ ነበር። ስቀመጥ ግን ቀድማ የምትመጣብኝ አንዲት ልጅ ናት። ሥራው ምስጢር የሚጠበቅበት ስለሆነ ዝርዝሩን ለዋውጬዋለሁ።

ሌሊት ነው። ልጅቷ የምትንከባከባቸው አዛውንት ወንበር ላይ እንደተቀመጡ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። መናገር አቃታቸው፣ አንድ እጃቸውም ዛለ። ስልኩን ያነሳችው ሴት የመጀመሪያ ጥያቄ «የት ነው ያለሽው?» የሚል ነበር።

«ቤት።»

«የማን ቤት?»

«የአሠሪዎቼ።»

እዚያ ቤት ስምንት ወር ኖራለች። የመንገዱን ስም አታውቅም። የቤቱን ቁጥር አታውቅም። አውቶቡሱን ታውቃለች፣ ዳቦ ቤቱን ታውቃለች። ሴትዮዋ ረጋ ብላ «ፖስታ ፈልጊ፤ የመብራት ቢል፣ የባንክ ደብዳቤ፣ የመድኃኒት ከረጢት» አለች። መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኛል። በመጨረሻ የመድኃኒት ከረጢት አገኘች፤ ስምና አድራሻ ታትሞበታል። ማንበብ ግን አልቻለችም። «የመጀመሪያው እንደ መስቀል ነው። ቀጥሎ ክብ አለ። ከዚያ ሁለት እንጨት ጎን ለጎን፣ መሐላቸው ድልድይ» አለችን። እንደዚያ እያልን ፊደል በፊደል ለቀምነው። አራት ደቂቃ ያህል ፈጀ።

አፍ መጣመም፣ አንድ እጅ መዛል፣ ንግግር መተሳሰር፦ ሦስቱም የስትሮክ ምልክቶች ናቸው። በደም መርጋት ለሚመጣው ስትሮክ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። የሚሰጠው ግን በአብዛኛው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ለዚህ ነው «ደህና ሆነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽያቸው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ተብላ የተጠየቀችው። ሰዓቱን በደንብ ታውቀው ነበር። ከዚያ በሩ ተንኳኳ፣ መስመሩ ተዘጋ። አስተርጓሚ ቀጥሎ የሆነውን አይሰማም። እስከ ዛሬ አላውቅም።

«የት ነህ?» የሚለው ጥያቄ የሚቀድመው ለወጉ አይደለም። ስልኩ ቢቋረጥ እንኳ አምቡላንስ መላክ የሚቻለው ቦታው ከታወቀ ብቻ ነው። አሁን አሁን በብዙ አገር ዘመናዊ ስልክ የድንገተኛ ቁጥር ሲደወልበት ያለበትን ቦታ ራሱ ይልካል። ደግ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ሕንፃውን ነው የሚያሳየው፤ የስንተኛ ፎቅ የትኛው በር እንደሆነ ሰው ነው መናገር ያለበት። ስለዚህ አዲስ ቤት በገባችሁበት ቀን፣ ሻንጣ ሳትፈቱ፣ አድራሻውን በአገሩ ፊደል ጽፋችሁ ስልካችሁ ውስጥም ግድግዳ ላይም አኑሩት። ሆቴል ከሆነ የሆቴሉን ካርድ ኪሳችሁ ክተቱ። መንገድ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የምታዩትን ንገሩ፦ የሱቅ ስም፣ የአውቶቡስ ፌርማታ ቁጥር፣ በአውራ ጎዳና ዳር የቆመ የኪሎ ሜትር ምልክት።

ሁለተኛው ነገር የኛን ሰው ባሕርይ የሚነካ ስለሆነ እንዳትቀየሙኝ። ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚደውለው ለወገኑ ነው። ለአጎቱ ልጅ፣ ቋንቋ ለሚችል ጓደኛው፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ወዳጁ። ያ ሰው በሌላ ሰፈር ምናልባትም በሌላ ከተማ ሆኖ እኛ ዘንድ ይደውላል። «ትተነፍሳለች?» ይባላል። «ቆይ ልጠይቅ» ይላል። ይደውላል፣ መስመሩ ተይዟል። ስንቱን እንዲህ ሰማሁ! መጀመሪያ አምቡላንስ ላለው ሰው ደውሉ። ወገን በኋላ ይደርሳል፣ ደግሞም ያስፈልጋል።

ከታማሚው አጠገብ ያለ ሰው ሲደውል ብዙ ነገር ይቻላል። አንድ ወጣት የክፍል ጓደኛው ወድቆ ትንፋሹ ቆሞበት ደወለ። ኦፕሬተሩ «መሬት ላይ በጀርባው አስተኛው፣ መዳፍህን ደረቱ መሐል አድርግ፣ አጥብቀህ ተጫን» አለው። ትልቅ ሰው ሲሆን ደረቱ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች መግባት አለበት፣ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው። ኦፕሬተሩ በቋንቋው ይቆጥራል፣ እኔ በአማርኛ እቆጥራለሁ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።» ልጁ ሲደክም እሰማለሁ። «አታቁም» እለዋለሁ፣ እሱም የኦፕሬተሩ ቃል ነው። አምቡላንስ እስኪደርስ ድምፄ ሻክሮ ነበር። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ያደረገው ገና ሲደውል ነው፤ ሁለት እጁ ነጻ የሆነው በዚያ ነው። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ዝጋ እስክትባሉ ድረስ ደግሞ ስልክ አትዝጉ።

ቋንቋ አልችልም ብላችሁ አትፍሩ። አንድ ቃል ብቻ ያዙ፦ የቋንቋችሁን ስም በአገሩ አነጋገር። «አማርኛ» ብትሉ የሚረዳችሁ የለም። በእንግሊዝኛ «አምሃሪክ»፣ በአረብኛ «አምሃሪያ»፣ በጀርመንኛ «አምሃሪሽ»፣ በጣሊያንኛ «አማሪኮ»፣ በስዊድንኛ «አምሃሪስካ» ነው። ብዙዎች የአገራቸውን ስም ይናገራሉ። አገር መንገር ግን ቋንቋ መንገር አይደለም፤ ከአንድ አገር የመጣ ሁሉ አንድ ቋንቋ አይናገርም። አንዳንዴ የተሳሳተ አስተርጓሚ ይጠራና ደቂቃው በከንቱ ይሄዳል። በየአገሩ አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ይገኛል እያልኩ አይደለም። ስለዚህ «አምቡላንስ»፣ «ፖሊስ»፣ «እሳት» እና «አይተነፍስም» የሚሉትን አራት ቃላት በአገሩ ቋንቋ አጥኑ። አውሮፕላን ላይ ያልቃሉ።

ቁጥሩንስ? በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ 112 ይሠራል፤ አንድ የጋራ ቁጥር እንዲኖር የተወሰነው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካና ካናዳ 911፣ እንግሊዝ 999፣ አውስትራሊያ ሦስት ዜሮ። ጉዱ ያለው በሌሎቹ ነው። ጃፓን አምቡላንስም እሳት አደጋም 119 ነው፤ ቻይና ግን 119 እሳት አደጋ ብቻ ሲሆን አምቡላንስ 120 ነው። ደቡብ ኮሪያ 112 ብትደውሉ የሚያነሳው ፖሊስ ነው፤ አምቡላንስ 119 ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ፖሊስ 999፣ አምቡላንስ 998። ሁሉንም በቃላችሁ አጥኑ አልላችሁም። የምትሄዱበትን አገር ብቻ፣ ከመሄዳችሁ በፊት።

ይህን የምለው ተሸማቅቄ ነው። ለጉዞ ሌላ አገር ሄጄ ሆቴል መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጦኝ ግንባሬ ተፈነከተ። ደሙ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ስልኬን አነሳሁና በየቀኑ የምሰማውን የሥራ አገሬን ቁጥር ደወልኩ። «የደወሉት ቁጥር የለም» የሚል የሚመስል ነገር በማላውቀው ቋንቋ ተነገረኝ። እንደገና ያንኑ ደወልኩ! በሦስተኛው ነው ለእንግዳ መቀበያው የደወልኩት፤ አንድ ጎረምሳ ፎጣ ይዞ ሮጦ መጣ። ስንት ዓመት የሰው ድንጋጤ ተርጉሜ የራሴ ሲደርስ እንዲህ ሆንኩ።

ስለ ሲም ካርድ አንድ ቃል። በብዙ አገር የድንገተኛ ጥሪ ያገኘውን ኔትዎርክ ይጠቀማል፤ የናንተ ኩባንያ ባይኖርም ያልፋል፣ ሒሳብም አይጠይቅም። ሲም የሌለው ስልክ ግን ሌላ ነገር ነው። ጀርመን ለምሳሌ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሲም መደወል አይቻልም። የድሮ ስልክ ሻንጣ ውስጥ ይዞ «ለክፉ ቀን» ማለት ሁልጊዜ አያዋጣም።

«ኤምባሲ አለን አይደል?» ትሉ ይሆናል። አለ፣ ግን ሥራውን እወቁት። ፓስፖርት ሲጠፋ የጉዞ ሰነድ ይሰጣል፣ የታሰረን ዜጋ ይጎበኛል፣ ቤተሰብን ያገናኛል። አምቡላንስ የለውም። የሆስፒታል ሒሳብ ይከፍላል ብላችሁም አትጠብቁ፣ ከእስር ማስፈታትም አይችልም። ከታሰራችሁ ግን አንድ መብት አላችሁ። በ1963 እ.ኤ.አ. በቪየና የተፈረመው የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት፣ አንቀጽ 36፣ የታሰረ የውጭ ዜጋ ከጠየቀ ቆንስላው ሳይዘገይ እንዲነገረው ያዛል። ባለሥልጣናቱም ይህ መብት እንዳለው ሊነግሩት ይገባል። «ከጠየቀ» የምትለዋን ልብ በሉ። ቆንስላው እንዲያውቅ የማይፈልግ፣ ለምሳሌ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው፣ ዝም የማለት ምርጫ አለው።

ገንዘብና ወረቀት ብዙ ሰው ይገድላሉ። «ሒሳቡ ያስፈራኛል»፣ «ፈቃዴ አልቋል» እያለ ቤት ውስጥ የሚቃጠል ስንቱ ነው። ሕጉ እንደ አገሩ ይለያያልና ጤና ሳላችሁ ጠይቁ። በአሜሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለ። ከመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን ጋር የሚሠሩ፣ ማለትም አብዛኞቹ ሆስፒታሎች፣ ድንገተኛ ክፍላቸው የመጣን ሰው መክፈል ቢችልም ባይችልም መርምረው እንዲያረጋጉ ያስገድዳል። ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ቢሉ በኋላ ይመጣል። ቢል ግን ይደራደሩበታል። የጉዞ ኢንሹራንስ ካላችሁ የኩባንያው የድንገተኛ ስልክ ውሉ ላይ ይገኛል፣ ቶሎ አሳውቁኝ የሚልም ብዙ ነው። ከአምቡላንሱ በኋላ ግን።

የምትወስዱትን መድኃኒት በፋብሪካው ስም ሳይሆን በውስጡ ባለው መድኃኒት ስም ጻፉት። የማይስማማችሁን መድኃኒትም እንዲሁ፣ ስልኩ ተቆልፎም በሚታየው የድንገተኛ መረጃ ገጽ ላይ። ከሞቃት አገር በተመለሳችሁ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ከያዛችሁ ሐኪሙ ባይጠይቅም የት እንደነበራችሁ ንገሩት። ወባ ያላየ ሐኪም ጉንፋን ሊለው ይችላል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ እሱም ቤት ለምትቀሩት ነው። እኅታችሁ ውጭ አገር ሆና በሌሊት «አድኑኝ» የሚል መልእክት ብትልክ እናንተ ካላችሁበት የድንገተኛ ቁጥር መደወል አይጠቅምም። እነዚህ አጫጭር ቁጥሮች ድንበር አይሻገሩም፤ የሚያነሳላችሁ እናንተ አጠገብ ያለው ጣቢያ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ያለችበት ከተማ ፖሊስ ሙሉ የስልክ ቁጥር ነው፣ ከነአገሩ ኮድ። እሱ ቢገኝ እንኳ የሚያነሳው ሰው የሚጠይቃችሁ ያችኑ ጥያቄ ነው። ዛሬ ማታ ስትደውሉላት የመንገዱን ስም፣ የቤቱን ቁጥር፣ ፎቁንና በሩ ላይ የተጻፈውን ስም ጠይቋት። አላውቅም ካለች ስልኩን ሳትዘጋ ወጥታ አንብባ ትምጣ።