ትሉ «ጥገኛ» ነው ወይስ «ደባል»?

ጥያቄ፦ በጃፓን የባሕር ዳርቻ፣ ቀንድ አውጣ ዛጎል ውስጥ ስለሚኖር ጠፍጣፋ ትል የተጻፈ ጥናት ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ትሉን «ጥገኛ ተውሳክ» አልኩት። ጓደኛዬ ግን «ካልጎዳት እንዴት ተውሳክ ይባላል?» ብሎ ያዘኝ። «ፖፑሌሽን ጄኔቲክስ»ንስ (በየቦታው ያሉ የአንድ ዝርያ ስብስቦች በዘር ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚያጠናውን) «የሕዝብ ዘረመል» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። ይህ ትል፣ ሳይንሳዊ ስሙ ስታይሎኮፕላና ፑሲላ የሆነው፣ ከቀንድ አውጣዋ የሚፈልገው ማደሪያ ነው። በሥጋዋና በዛጎሏ መካከል ባለው ክፍተት ይጠለላል። ሳይጎዳ አብሮ ለሚኖር ፍጡር ሳይንስ የሚለው «ኮሜንሳል» ነው፤ ቃሉ በላቲን ከገበታ የመጣ ስለሆነ «ማዕድ ተጋሪ» ማለት ያምራል። ግን እዚህ የሚጋሩት ቤት ነው። አዲስ አበባ ተከራይቶ የኖረ ሁሉ ደግሞ ለዚህ ቃል አለው፤ «ደባል»። ደባል አብሮ ያድራል እንጂ ደም አይመጥም። (የሚመጥም አይጠፋም፤ የእሱን ነገር ለሌላ ቀን።)

«ተውሳክ»ን ግን ያለ ኃጢአቱ አንኮንነው። በግእዝ «ወሰከ» ጨመረ ማለት ነው፤ ተውሳክም ጭማሪ። ባሕረ ሐሳብ (የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማስያውን) የተማረ የቅዳሜ ተውሳክ 8፣ የእሑድ 7 እያለ ይቆጥራል። ሰዋስው ላይ ያለው «ተውሳከ ግስ»ም ያው ነው፤ ግስ ላይ የሚጨመር። ዛሬ ግን ቃሉ በሽታ በሽታ ይሸታል። ስለዚህ ለሚጎዳው ይቆይ። የብልሃርዚያ ትልን ይውሰዱ። እሱም ጠፍጣፋ ትል ነው፣ እሱም ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል፤ የባሕሯ ሳትሆን ጨው የሌለበት ውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ። ግን እዚያው ይራባል፣ እሷንም ሊያመክናት ይችላል። እሱ ጥገኛ ተውሳክ ቢባል ማንም አይከራከርም።

«ሕዝብ» ለትል? መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 30 ጉንዳኖችን ሕዝብ ይላቸዋል፤ ስለዚህ ነውር የለውም። ችግሩ ሌላ ነው፤ «የሕዝብ ዘረመል» ያሉት እንደሆነ አንባቢ ስለ ሰው ዘር ክርክር የተጻፈ ይመስለዋል። እኔ ብሆን ርእሱ ላይ «የደባል ትሎች ዘረመል» ብዬ፣ ጥያቄውን መጀመሪያው አንቀጽ ላይ እዘረግፈዋለሁ፦ «በአንዱ ዳርቻ ያሉት ትሎች ከሌላው ዳርቻ ትሎች ጋር በዘር ይደባለቃሉ ወይስ ተለያይተው ቀርተዋል?»