ቢሮው ፎቅ ላይ ነው፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። የሒሳብ ሥራ አገኘሁ። ቢሮው ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። አለቃዬ «ይሄ ያንቺ ችግር ነው» አለኝ። ልተወው?

መልስ፦ እንዳትተዪው እህቴ! እግርሽ ሒሳብ መሥራት አልከለከለሽም፤ የከለከለሽ ደረጃው ነው። ጣና ዳር ባለው ሜዳ መንገድ እኮ ማንም አያቆምሽም። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ፣ ቁጥር 568/2000፣ አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻችልሽ ያዛል። የሕንፃ አዋጁም ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚ መግቢያ እንዲኖረው ይጠይቃል።

ለጊዜው ጠረጴዛሽን ግራውንድ ያውርዱልሽ። ፋይሉ ይመላለስ፤ እሱ አይደክመው! መግቢያው ላይም ደረጃ ካለ ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) ጠይቂ፤ ለእያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት ያስፈልጋል። ቀጥ ያለ ዳገት በሲሚንቶ ለስነው «ይኸው» የሚሉ አሉና መለኪያውን ራስሽ ያዢ። ጥያቄሽን በጽሑፍ አስገቢ፣ ቅጂውን አስቀሪ።