ማንኪያው ከተጫዋቹ በአንድ ይነስ

ልጆቻችሁን በአማርኛ ትጠሯቸዋላችሁ፣ እነሱ በሚኖሩበት አገር ቋንቋ ይመልሱላችኋል። ከዚያ ደግሞ ጭራሽ መልሱም ይጠፋል። አንዱ ስልኩ ላይ ነው፣ አንዷ ክፍሏን ዘግታለች። እኔ ውጭ አገር ሦስት ልጆች አሳድጌያለሁ፣ ይሄን ዝምታ በደንብ አውቀዋለሁ። ቁጭ አድርጌ ለማስተማር ሞከርኩ። ተቆጣሁ። ለመንኩ። ከሁሉም የያዘልኝ ግን አንድ የካርታ ጨዋታ ነው። ማንኪያ ይባላል።

የመረጥኩት ፈጣን ስለሆነ ነው። ብዙዎቹ የካርታ ጨዋታዎች ተራ ያስጠብቃሉ። ልጅ ደግሞ ተራ ሲጠብቅ እጁ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ማንኪያ ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚጫወተው፣ አንድ ሰከንድ ዞር ያለ ይሸነፋል። ደግሞ ሕጉ ለማስረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ አማርኛው የሚከብደው ልጅና የልጆቹን ቋንቋ የማትሰማ አያት እኩል ይጀምራሉ።

የሚያስፈልገው አንድ ሙሉ ካርታና ማንኪያ ብቻ ነው። ጆከሮቹን አውጡና 52ቱን ያዙ። ማንኪያው ከተጫዋቹ በአንድ ይነስ፤ አምስት ሰው ከሆናችሁ አራት ማንኪያ ማለት ነው። ጠረጴዛው መሃል፣ ከሁሉም እጅ እኩል ርቀት ላይ አድርጉት። ሦስት ሰው ከተገኘ ይጀመራል። ከሰባት በላይ ከሆናችሁ ሁለተኛ ካርታ ብትቀላቅሉ ጥሩ ነው።

አዳዩ በውዞ ለእያንዳንዱ ሰው አራት አራት ያድላል። የተረፈውን ክምር ከፊቱ ያስቀምጣል። ስድስት ሰው ከሆናችሁ 24ቱ በእጃችሁ ነው፣ 28ቱ ክምሩ ላይ። ከዚያ አዳዩ ከክምሩ አንድ ያነሳል፣ ያየዋል፣ ከያዛቸው አምስት ካርታዎች የማይፈልገውን አንዱን ደፍቶ በግራው ላለው ሰው ያሳልፋል። ያኛውም አንስቶ፣ አይቶ፣ የማይረባውን ወደ ግራ ይሰዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው የማይፈልገውን ጎኑ ይጥላል። ክምሩ ካለቀ ይሄ የተጣለው ይበወዝና እንደገና ይነሳል።

ልብ በሉ፣ አዳዩ ካርታው ዞሮ እስኪያልቅ አይጠብቅም። አንዱን እንዳሳለፈ ወዲያው ሌላ ያነሳል። ስለዚህ የጨዋታው ፍጥነት በእሱ እጅ ነው። ልጆቹ እስኪለምዱ ትልቅ ሰው ያድል፣ ቀስ ብሎ። አንድ ሕግ ብቻ አጥብቁ፦ ማንም ሰው ከአምስት ካርታ በላይ በእጁ አይያዝ። ያልተነሳ ካርታ ፊቱ ከተከመረበት እሱ ይፍጠን እንጂ ሁለት ሁለት አያንሳ።

የምትሰበስቡት አራት አንድ ዓይነት ነው፤ አራት ሰባት፣ ወይም አራት ንጉሥ። የሞላለት ሰው ማንኪያ ያነሳል። አንድ ሰው ካነሳ በኋላ ሌላው ሁሉ፣ ካርታው ሞላም አልሞላም፣ ይሻማል። ባዶ እጁን የቀረው ተሸነፈ።

ልጆች መጀመሪያ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ዓይናቸውን ካርታው ላይ ይተክላሉ። እናቴ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ሁለተኛ ጨዋታዋ ላይ ያደረገችውን ልንገራችሁ። አራት ዘጠኝ ሞላላት። አልጮኸችም፣ አልተወራጨችም። በሁለት ጣቷ አንዷን ማንኪያ ሳብ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ካርታ ማሳለፏን ቀጠለች። አጠገቧ ያለው የዘጠኝ ዓመት ልጄ ሦስት ስምንት ይዞ አራተኛዋን ይጠብቃል። ሁለት ዙር ሙሉ አላየም። እህቶቹ ግን ቀስ በቀስ እጃቸውን ሰደዱ። ቀና ሲል ጠረጴዛው ባዶ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዓይኑ ከማንኪያው አይነቀልም። እናንተም ይሄን አስተምሯቸው፤ አራቱን ያልሰበሰበ ሰው እንኳ ማንኪያውን የሚያይ ከሆነ አይሸነፍም።

ሌላ ጥቂት ብልሃት። ሲታደላችሁ ሁለት ጥንድ ከደረሳችሁ አንዱን ለመጣል አትቸኩሉ፣ የትኛው ሦስተኛ እንደሚያገኝ ጠብቁ። አንድ ቁጥር ብዙ ዙር ጠብቃችሁት ካልመጣ ሌላ ሰው ይዞት ይሆናል፣ ልቀቁት። አዲስ ካርታ መጀመሪያ የሚያየው አዳዩ ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለው የሚደርሰው ሁሉም የናቀው ነው። ስለዚህ ማደሉ በየዙሩ ወደ ግራ ይዙር።

አሁን ወደ አማርኛው። የተሸነፈ ሰው አንድ ፊደል ይቆጠርበታል። ማ፣ ን፣ ኪ፣ ያ። አራቱ የሞላበት ይወጣል፣ አንድ ማንኪያም አብሮት ይነሳል። እኔ ቤት የተሸነፈው ፊደሉን በገዛ እጁ ወረቀት ላይ መጻፍ ግዴታው ነው። ሲለምዱት ቃሉን ቀይሩት። ቢራቢሮ ጥሩ ነው። ቢ ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ራ እና ሮ ደግሞ ከአንድ ቤት ናቸው፤ ልጁ ልዩነታቸውን ሳትነግሩት ያየዋል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ለልምምድ አድርጉና ካርታ የሚያሳልፍ ሁሉ ቁጥሩን በአማርኛ ይጥራ። «ስድስት»፣ «ሦስት»። ምስጢሩ ይወጣል፣ ግን ልምምድ ነው። የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ልጆቼ ስንት ዓመት ያስቸገራቸው የወንድና የሴት አነጋገር እዚህ ጠረጴዛ ላይ ገባቸው። በግራ ላለ ወንድም «ቶሎ በል»፣ ለእህት «ቶሎ በይ»፣ ለአያት «ቶሎ ይበሉ»። መቀመጫ በተቀያየረ ቁጥር አፋቸውም አብሮ ይቀየራል።

አደራ፣ በጨዋታው መሃል አማርኛውን አታርሙ። ማንኪያ ለመያዝ ተወርውሮ «የኔ ነው!» ብሎ የጮኸ ልጅ በዚያች ደቂቃ ሐረጉን ቢያበላሸውም በቋንቋው ተናግሯል። እርማት ስትጀምሩ ዝም ይላል። ዝም ካለ ደግሞ ለመመለስ ወራት ይፈጃል፣ በአንዷ ልጄ ደርሶብኝ አይቻለሁ። እያወቃችሁም አትሸነፉላቸው። ልጆች ያውቁባችኋል።

ስለ እጅም ትንሽ ልበል። ቀለበት አውልቁ፣ ረጅም ጥፍር ያለው ሰው ይጠንቀቅ። ሹካ በማንኪያ ፈንታ በፍጹም አታስቀምጡ። ሁለት ሰው አንድ ማንኪያ ላይ ከተገናኙ እኛ ቤት እጀታውን የያዘው ይወስዳል፤ ጎትቶ መንጠቅ የለም። እጁ የሚያመው ወይም መሻማት የሚከብደው ትልቅ ሰው ካለ ማንኪያውን ተዉት። አራት የሞላለት ሰው ጣቱን አፍንጫው ላይ ያደርጋል፣ ያየው ሁሉ ይከተላል፣ መጨረሻ የነቃው ተሸነፈ። የቀረው ሕግ ያው ነው።

መጨረሻ ላይ ሁለት ሰውና አንድ ማንኪያ ይቀራል። ያኔ የወጡት ሁሉ ቆመው ያያሉ፣ ቤቱም ጸጥ ይላል። ባለፈው የቀሩት እናቴና ያ ልጄ ነበሩ። ካርታው በሁለቱ መሃል ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። እሱ ካርታውን ትቶ የእሷን ጣት ብቻ ያያል። እሷ ደግሞ የእሱን ዓይን። ማንኪያዋን ቀድሞ ያነሳት እሱ ነው። ከዚያ ማንም ሳይነግረው፣ በአማርኛ፣ «እማማ፣ እንደገና እንጫወት?» አላት።