ጠይቁ እንመልሳለን፦ ከእስር ወዲህ 18 አልበሞች

ባለፈው እትማችን ስለ አሜሪካ የካንትሪ ሙዚቃ ስንጽፍ አሜሪካዊውን ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ ስቲቭ ኧርልን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጠቅሰነው አልፈን ነበር። አንባብያን ግን አላለፉትም። ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን መርጠን መልስ ሰጥተናል፤ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከዳላስ፣ ቴክሳስ)፦ የረጅም ርቀት የጭነት መኪና አሽከርካሪ ነኝ። አባቴ አዲስ አበባ ሳለን የጂም ሪቭስንና የኬኒ ሮጀርስን ካሴት እየደጋገመ ያጫውት ስለነበር፣ ሌሊት መንገድ ላይ ስሆን የካንትሪ ጣቢያ መክፈት ልማዴ ነው። ስቲቭ ኧርልን ግን «ኮፐርሄድ ሮድ» ከተባለው ዘፈኑ በቀር ሰምቼው አላውቅም፤ እሱንም የሰማሁት በሮክ ጣቢያ ነው። ከ20 በላይ አልበም ያለውን ሰው ሬዲዮው ለምን አያጫውተውም? «አልተርኔቲቭ ካንትሪ» የሚባለውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሁለተኛውን ጥያቄዎን ብናስቀድም የመጀመሪያው አብሮ ይፈታል። አባትዎ ያደመጡት የካንትሪ ሙዚቃ በአብዛኛው የካንትሪ ሙዚቃ ማዕከል የሆነችው የናሽቪል ከተማ ሥራ ነው። በዚያች ከተማ ግጥምና ዜማ የሚደርሰው አንድ ሰው፣ በስቱዲዮ የሚያጅቡት ሌሎች ባለሙያዎች፣ የሚዘፍነው ደግሞ ሌላ ሰው መሆኑ የተለመደ ነው፤ ሬዲዮውም የሚጠብቀው ይህ አሠራር የሚያወጣውን የተስተካከለ ድምፅ ነው። ከዚህ መስመር ወጥተው የድሮውን የገጠር ዜማ ከሮክና ከፐንክ ጩኸት ጋር ያዋሃዱት፣ የራሳቸውን ግጥም በራሳቸው ሻካራ ድምፅ የሚዘፍኑት ሙዚቀኞች ናቸው «አልተርኔቲቭ ካንትሪ» የሚል ስም የወጣላቸው። ስሙ የተስፋፋው በኢሊኖይ ግዛት ከምትገኘው ከቤልቪል ከተማ የተነሣው «አንክል ቱፔሎ» የተባለ ቡድን በ1990 የመጀመሪያ አልበሙን ካወጣ በኋላ ሲሆን፣ በ1995 በሲያትል የተመሠረተው የዘርፉ መጽሔትም መጠሪያውን የወሰደው ከዚሁ አልበም ርእስ ነበር።

ኧርል ከእነዚህ ወጣቶች ቀድሞ የመጣ ነው። «ጊታር ታውን» የተባለው የመጀመሪያ አልበሙ በ1986 ወጥቶ የዘፈኖችን ደረጃ በሚያወጣው በቢልቦርድ መጽሔት የካንትሪ አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ደረጃ ላይ ደርሷል፤ የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈንም በነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ 7ኛ ሆኗል። ስለዚህ አንድ ሰሞን የካንትሪ ሬዲዮም ያጫውተው ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ «ኮፐርሄድ ሮድ»ን ሲያወጣ የኤሌክትሪክ ጊታሩንና የከበሮውን ድምፅ ከፍ አደረገው፤ ያን ጊዜ የሮክ ጣቢያዎች ተቀበሉት፣ የካንትሪዎቹ ተዉት። እርስዎ ዘፈኑን በሮክ ጣቢያ የሰሙት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኛቸው ሦስት የግራሚ ሽልማቶች እንኳ በ2005፣ በ2008 እና በ2010 የተሰጡት በካንትሪ ሳይሆን በዘመናዊ ፎክ (ከሕዝብ ባህላዊ ዜማ የተወለደ ሙዚቃ) ዘርፍ ነው። የሚያስቀው ግን ዋና ከተማዋ ናሽቪል የሆነችው የቴነሲ ግዛት በ2023 «ኮፐርሄድ ሮድ»ን፣ ያንን የአረቄና የካናቢስ ታሪክ የሚተርክ ዘፈን፣ ከግዛቲቱ ኦፊሴላዊ መዝሙሮች አንዱ አድርጋ በሕግ ማጽደቋ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የዘፈን ግጥም እጽፋለሁ፤ ነገር ግን በዓመት ከሁለትና ከሦስት በላይ መጨረስ አልቻልኩም። አንድ ሰው ይህን ያህል የሚጽፈው በተሰጥኦ ብቻ ነው?

መልስ፦ ተሰጥኦው አያጠያይቅም፤ ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ስለ ሙያው ቢነገር ነው።

ኧርል በ1955 በቨርጂኒያ ተወልዶ ያደገው በቴክሳስ፣ በሳን አንቶኒዮ አካባቢ ነው። ትምህርቱን አቋርጦ በአሥራዎቹ ዕድሜው ወደ ሂውስተን በሄደበት ጊዜ ታውንስ ቫን ዛንት ከተባለው የዘፈን ደራሲ ጋር ተዋወቀ። በ1974 ደግሞ ወደ ናሽቪል አቅንቶ ሌላ የዘፈን ደራሲ በሆነው በጋይ ክላርክ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት ጀመር፤ ክላርክ በ1975 ባወጣው የመጀመሪያ አልበምም በአጃቢነት ዘፍኗል። በቅኔ ቤት አነጋገር ደጅ የጠናባቸው የኔታዎቹ እነዚህ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ቫን ዛንት መንገደኛና ጠጪ፣ ግጥሙ ግን አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ሰው ነበር። ኧርል ከዓለም የዘፈን ደራሲዎች የሚበልጠው ቫን ዛንት መሆኑን በቦብ ዲላን ጠረጴዛ ላይ ከነቡትስ ጫማዬ ቆሜ እናገራለሁ ብሎ የጻፈለት ውዳሴ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ በኋላ ግን ነገሩን ማጋነኑን ራሱ አምኗል። ክላርክ በሌላ በኩል በወርክሾፑ ጊታር በገዛ እጁ የሚሠራ፣ ግጥሙንም እዚያው በእርሳስ እየጻፈና እየደለዘ የሚያርም ባለሙያ ነበር። ለእኔ እንደሚመስለኝ ኧርል ምን እንደሚጻፍ ከቫን ዛንት፣ እንዴት ተቀምጦ እንደሚጻፍ ደግሞ ከክላርክ ነው የተማረው፤ ብዛቱን ያመጣው ይህ ሁለተኛው ትምህርት ነው። በናሽቪል በቆየባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ዓመታት የራሱ አልበም አልነበረውም፤ ለሙዚቃ አሳታሚዎች ዘፈን እየጻፈ ኖሯል። በሥራ ሰዓት ዘፈን መጻፍን እንደ ማንኛውም ሥራ የለመደው ያኔ ነው።

አሁን ቁጥሩን እንመልከት። ከ1986 እስከ 1990 ድረስ 4 የስቱዲዮ አልበሞች አወጣ፤ ከዚያ በኋላ እስከ 1995 ድረስ ምንም የለም። በእነዚያ ዓመታት የሄሮይን ሱሰኛ ነበር፤ በ1994 ሄሮይን ይዞ በመገኘት ተከሶ ፍርድ ቤት ባለመቅረቡ እስራት ተፈረደበት፣ የፍርዱን ጊዜ ከፊሉን በእስር ቤት ከፊሉን በማገገሚያ አሳልፎ በዚያው ዓመት ወጣ። ከ1995 እስከ 2022 ያወጣቸው ግን፣ ከዘፋኟ ሾን ኮልቪን ጋር በጋራ የሠራውን ጨምሮ፣ 18 አልበሞች ናቸው። ከነዚህ አምስቱ የወጡት ከ1995 እስከ 2000 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ በእኔ ግምት የሕይወቱ ምርጥ ሥራዎችም እነሱ ናቸው።

ከእስር እንደወጣ ያወጣው የመጀመሪያው አልበም ለእርስዎ የተለየ ትምህርት አለው። ሱሱን ገና መተዉ ነበር፤ ስለዚህ አዲስ ግጥም እስኪመጣለት አልጠበቀም። በ1970ዎቹ በወጣትነቱ ከጻፋቸው፣ በራሱ አልበም ካላወጣቸው ዘፈኖች ጥቂቱን አውጥቶ ማንዶሊንና አኮስቲክ ጊታር ከሚጫወቱ አንጋፋ ሙዚቀኞች ጋር ተቀምጦ ቀረጻቸው። ያልተጠናቀቀ ወይም ያልተፈለገ ግጥም ካለዎት አይቅደዱት።

ከብዛቱ ጀርባ ያለው ሌላው ነገር በሌላ ሰው አንደበት የመናገር ልማዱ ነው። ስለ ራሱ ብቻ የሚጽፍ ደራሲ የሚነግረው ቶሎ ያልቅበታል። «ኮፐርሄድ ሮድ»ን ልብ ብለው ያድምጡት፦ ተራኪው የቴነሲ ገጠር ልጅ ነው፣ ኧርል አይደለም። አያትየው በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ ወደ ከተማ ብቅ እያለ መቶ ፓውንድ እርሾና የመዳብ ቱቦ ገዝቶ ይመለሳል። የእኛን አገር የካቲካላ ጓሮ የሚያውቅ አንባቢ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻውም፤ ሰውየው አረቄ አውጪ መሆኑን ከተሸከመው ዕቃ ይረዳዋል። አባትየው ያንን አረቄ በመኪና ያመላልሳል። ልጅየው ወደ ቬትናም ሁለት ጊዜ ዘምቶ ሲመለስ በአያቱ ቦታ ላይ ካናቢስ ይዘራል፤ ሕግ አስከባሪዎችን የሚጠብቅባቸውንም ብልሃት ከጦርነቱ ይዞት መጥቷል። በአንድ ዘፈን ውስጥ ሦስት ትውልድ አለፈ፤ «ድህነት» የሚል ቃል ግን የትም አልተነገረም። ቅጽል ለመጨመር እጅዎ ሲዘረጋ ያንን እርሾና ያንን ቱቦ ያስቡ።

ይህንኑ ዘዴ ከ30 ዓመት በኋላም አልተወውም። በኤፕሪል 2010 በዌስት ቨርጂኒያ በሚገኘው የአፐር ቢግ ብራንች የድንጋይ ከሰል ማዕድን ፍንዳታ ደርሶ 29 ሠራተኞች ሞተው ነበር። ኧርል ስለዚሁ አደጋ ለተሠራ የመድረክ ተውኔት ዘፈኖች ጽፎ በ2020 በአልበም አወጣቸው፤ በአንደኛው ዘፈን መጨረሻ ላይም የሟቾቹን ስም አንድ በአንድ ይጠራል። ግራ ዘመምነቱን የማይደብቀው ይህ ሰው በዚያ አልበም ለማናገር የፈለገው በምርጫ እንደ እሱ ድምፅ የማይሰጡትን ሰዎች መሆኑን ተናግሯል፤ ስብከት የሌለበትም ለዚህ ይመስለኛል።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ግን ሁለት ነገር መባል አለበት። ከ18ቱ አልበሞች አራቱ በአብዛኛው የሌሎች ዘፈኖች ናቸው፦ በ2009 የቫን ዛንትን፣ በ2019 የክላርክን፣ በ2021 የልጁን፣ በ2022 ደግሞ የዘፈን ደራሲው የጄሪ ጄፍ ዎከርን ሥራዎች ዘፍኗል፤ ስለዚህ የራሱን ድርሰት ብቻ ለሚቆጥር ሰው ቁጥሩ ወደ 14 ይወርዳል። ሁለተኛ፣ መብዛት ሁልጊዜ መልካም አይደለም። በ2004 ከፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ቀድሞ እንዲደርስ በጥድፊያ የሠራው አልበም ግራሚ ቢያገኝም፣ ዛሬ ሲሰማ ብዙው ክፍል የዚያን ሰሞን ጋዜጣ ይመስላል። በሌላ በኩል በ1999 ከዴል መኮሪ ባንድ ጋር የሠራው የብሉግራስ (ያለ ኤሌክትሪክ መሣሪያ በባንጆና በማንዶሊን የሚታጀብ የካንትሪ ስልት) አልበም አላረጀም። በባዕድ የሙዚቃ ስልት ውስጥ ገብቶ ለአዋቂዎቹ በሚመጥን ደረጃ አዲስ ግጥም መጻፍ ከባድ ፈተና ነውና፣ ለእርስዎ መነሻ እንዲሆን የምመርጠው እሱን ነው።

ጥያቄ (ከኔታንያ፣ እስራኤል)፦ «ጄሩሳሌም» የተባለ አልበም እንዳለው አይቻለሁ። መንፈሳዊ መዝሙር ነው ወይስ ስለ እኛ አገር ፖለቲካ?

መልስ፦ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት አለበት። አልበሙ የወጣው በ2002፣ ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት ማግስት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ዘፈኖች ስለ አሜሪካ ናቸው። የመዝጊያው ዘፈን ግን በእርግጥም ስለ ኢየሩሳሌም ነው፤ ተራኪው በቴሌቪዥን የሚያየውን የጦርነት ዜና ላለመቀበል ወስኖ፣ የአብርሃም ልጆች ሁሉ አንድ ቀን በዚያች ከተማ ሰይፋቸውን እንደሚያስቀምጡ አምናለሁ ይላል። ቁጣ ያስነሣው ሌላ ዘፈን ነበር። ኧርል በአፍጋኒስታን ከታሊባን ወገን ተሰልፎ የተማረከውን የ20 ዓመት አሜሪካዊ ወጣት አንደበት ተውሶ፣ የእስልምናን የእምነት ቃል በዐረብኛ እየጠራ በመዝፈኑ ዘፈኑ ገና ሳይወጣ ከሃዲ ያሉት ነበሩ። እሱ የሰጠው መልስ አጭር ነው፦ የዚያ ወጣት እኩያ የሆነ ልጅ ስላለው ነገሩን ያየው በአባት ዓይን ነበር። ለእርስዎ ቅርብ የሆነ ሌላም ሥራ አለው፤ እስራኤላዊው ዘፋኝ ዴቪድ ብሮዛ በ2013 በምሥራቅ ኢየሩሳሌም በሚገኝ የፍልስጤማውያን ስቱዲዮ የእስራኤልና የፍልስጤም ሙዚቀኞችን ይዞ አልበም ሲቀርጽ ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ ኧርል ነበር።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ስለ ባልቲሞር በተሠራው «ዘ ዋየር» በተባለው ተከታታይ ድራማ ላይ ያየሁት ሰው እሱ ራሱ ነው? ልጁም ዘፋኝ ነበር መባሉስ እውነት ነው?

መልስ፦ አዎን፣ ራሱ ነው። በድራማው ውስጥ ዋሎን የተባለውን፣ ሱስን ትቶ ሌሎች እንዲተዉ የሚረዳውን ሰው ሆኖ ተውኗል። ገጸ ባሕሪው ከሕይወቱ እምብዛም አይርቅምና ትወና ተምሮ የመጣ አይመስልም፤ በንቅሳቱ፣ በዚያ በጎረነነ ድምፁ ተቀምጦ ማውራቱ ብቻ በቂ ሆኗል። በአምስተኛው ምዕራፍ የመክፈቻውን ዘፈንም የሚዘፍነው እሱ ነው።

ልጁ ጀስቲን ታውንስ ኧርል በ1982 ሲወለድ የመካከለኛ ስሙን ያገኘው ከቫን ዛንት ነው። አባቱን የማይመስል፣ የብሉዝ አሻራ ያለበት የጊታር አጨዋወት ነበረው፤ የራሱን ዘፈኖች እየጻፈ በርካታ አልበሞችን አውጥቷል፣ በአድማጭ ዘንድም በአባቱ ስም ሳይሆን በራሱ ሥራ የታወቀ ነበር። ከአባቱ የወረሰው ሙዚቃውን ብቻ አልነበረም፤ ለብዙ ዓመታት ከሱስ ጋር ሲታገል ኖሮ በኦገስት 2020 በናሽቪል፣ በ38 ዓመቱ፣ በአደንዛዥ ዕፅ ሳቢያ ሕይወቱ አለፈ። አባቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ባንዱን ሰብስቦ የልጁን 10 ዘፈኖች ቀረጸ፤ አልበሙ የወጣው ጃንዋሪ 4 ቀን 2021፣ ጀስቲን 39 ዓመት ሊሞላው በነበረበት ዕለት ነው፤ ገቢው ለጀስቲን ሴት ልጅ እንዲውል ተደርጓል። በአልበሙ ላይ ስቲቭ ራሱ የጻፈው አንድ ዘፈን ብቻ አለ፤ በመጨረሻ የተቀመጠውም እሱ ነው። የሚተርከው አባትና ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ በስልክ ስለተነጋገሩበት ቀን ነው። የተለያዩት «እወድሃለሁ»፣ «እኔም እወድሃለሁ» ተባብለው ነበር።